የጉድጓዱ ዘበኛ

ሰዓት ሠሪው ጉድጓዱን መጠበቅ ከጀመረ አስራ አንደኛ ወሩን ይዟል። ሰው ቤቱን ይጠብቃል፣ ሱቁን ይጠብቃል፣ ቢበዛ የጎረቤቱን መኪና ይጠብቃል፤ እሱ ግን ደጁ ላይ የተከፈተውን ጉድጓድ ማንም ጠጠር እንዳይጥልበት ሲጠብቅ ይውላል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ሽማግሌው ለይቶለታል ያሰኛል። ለሚያውቀው ደግሞ አንጀት ይበላል፤ ምክንያቱም ያ ጉድጓድ እንዲደፈን ከእሱ የበለጠ የሚፈልግ ሰው በሰፈሩ ውስጥ አልነበረም።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ሐኪሞቹ ብዙ አወሩ፤ ሲጠቃለል ግን ዊልቸር ማለታቸው ነበር። እጆቹ ደህና ነበሩና ሥራውን አልተወም። ጠረጴዛውን፣ ጥቃቅን መፍቻዎቹንና ማጉያ መነጽሩን ከገበያው ሱቅ አስመጥቶ በቤቱ መስኮት ሥር ተከላቸው። ቤቱ የፎቁ ምድር ቤት ስለሆነ በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል። ሰዎች የቆመ ሰዓት ይዘው ይመጣሉ፣ የሚሄድ ሰዓት ይዘው ይመለሳሉ። ሚስቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውላ ማታ ትገባለች። ኑሮው ጠባብ ቢሆንም ኑሮ ነበር።

መንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ ታላቅ እህቱ ትኖራለች። ከደጁ እስከ ደጇ ሠላሳ ስምንት እርምጃ ነው፤ ሚስቱ ቆጥራዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እህቱ አስራ ዘጠኝ ነበረች። አዝላ አሳደገችው ሲባል ለወጉ ያህል አይደለም፤ ልብስ ስታጥብም፣ ውሃ ስትቀዳም፣ ሊያጫት የመጣ ሰው ፊትም ጀርባዋ ላይ ነበር። አንዱ «ልጁን ለዘመድ ስጪውና እንጋባ» ቢላት በሩን አሳየችው ይባላል። አሁን እሱ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ራሱ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር የለም። እሷ ግን ደንበኛ ፊት እንኳ «ትንሹ» ነው የምትለው።

ለስድስት ዓመት፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ሲል መፍቻውን ያስቀምጥና ዊልቸሩን ራሱ እየገፋ ይሻገራል። እህቱ ከአልጋ መውረድ ካቆመች ወዲህ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። እሱ አጠገቧ ይቆምና ስለ ሬዲዮው ድምፅ ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ ከፍ አድርገው ትላለች፣ እሱ ደንቁረሻል ይላታል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲናቆሩ ይቆዩና ሁለቱም ጠግበው ይለያያሉ።

ከዚያ የእግረኛው መንገድ ሰመጠ። ከሥሩ ያለፈው አሮጌ የውሃ ቱቦ ሲያፈስ ኖሮ አፈሩን ቀስ በቀስ ወስዶታል፤ አንድ ቀን ንጣፉ ከነድንጋዩ ወረደ። የወረደው ልክ ከሰዓት ሠሪው በር ፊት ነው፣ ከግድግዳው እስከ አስፋልቱ ጠርዝ። በግራ እንዳይዞር ደረጃ ነው። በቀኝ እንዳይዞር ክፍት ቦይ ነው። እግር ያለው ሰው ተራምዶት ያልፋል፤ ዊልቸር ግን አይራመድም።

ለማዘጋጃ ቤቱ ደውሎ አስመዘገበ። ይህን የሰማው ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው ግንበኛ ሳቀበት።

«ለዚህ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት? ጋሼ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ እኮ ናት።»

እውነትም በግማሽ ሰዓት ድንጋይ ሞላበት፣ አሸዋና ሲሚንቶ ደለደለበት፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ወጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። በጫማው አፍንጫ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው፣ «ተጠግኗል» ብሎ ጻፈ፣ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት ከታች ያለው ቱቦ የጀመረውን ጨረሰ፤ መንገዱ ሰዓት ሠሪውን ከነዊልቸሩ ይዞት ወረደ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ለሁለት ወር እጁ አንገቱ ላይ ታስሮ ከረመ፤ ግንበኛውም ለሁለት ወር ቀና ብሎ አላየውም።

ሁለተኛ ሲደውል ስልኩን ያነሳችው አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ ነበረች።

«ፋይልዎ ተዘግቷል ጋሼ። አዲስ ነው የምከፍትልዎ።»

«ቱቦው እኮ ያው ቱቦ ነው።»

«ይገባኛል። ግን መዝገቡ ተጠግኗል ነው የሚለው። አዲስ ቁጥር ልስጥዎ፤ ተራዎ ስድስት መቶ አርባ ሁለተኛ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ቁጥሩን ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፈ። ልጅቷ ስልኩን ልትዘጋ ብላ መለስ አለች።

«አንድ ነገር ልምከርዎ። ተቆጣጣሪው እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው። ሳንቃ እንኳ ቢሆን አይጣልበት፤ መሻገሪያ አለው ከተባለ አስቸኳይ መሆኑ ይቀራል። ከተደፈነማ እንደገና ይዘጋል።»

ክፉ ልጅ አልነበረችም። የመሥሪያ ቤቷን አሠራር ነው የነገረችው፣ ለዚያውም ከልቧ አዝናለት። ሰዓት ሠሪውም አመስግኖ ዘጋ። ዘበኝነቱን የጀመረው ያን ቀን ነው።

ለሰው ማስረዳቱ አበሳ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ደግ ሆነበት። አንዷ ሴትዮ የተሰበረ ብሎክ ተሸክማ መጥታ ልትጥልበት ስትል በመስኮቱ ጮኸባት፤ «ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው!» ብላ ተቀይማ ሄደች። የሰፈሩ ባለሱቅ ሁለት ሳንቃ ቢያጋድምበት፣ ሰዓት ሠሪው ሚስቱ ከሥራ እስክትመለስ ጠብቆ በእሷ አስነሳው። አንድ ቀን ፍርስራሽ የጫነ መኪና ደጁ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ጉድጓዱን አየ፣ ዊልቸሩን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ጭነቱን ሊያራግፍለት የኋላውን መዝጊያ መክፈት ጀመረ። ሰዓት ሠሪው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሰው ለምኖ አያውቅም። ሾፌሩ በመጨረሻ «እንደ ፈቃድዎ አባቴ» ብሎ፣ እብድ እንደሚታይ አይቶት ሄደ።

ተሸክመው እንዲያሻግሩት ግንበኛው አንዴ ሐሳብ አንሥቶ ነበር። ሚስቱ «ትከሻህ ሳይጠና? ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች። እህቱም በስልክ «በሰው እጅ ተንጠልጥለህ እንዳትመጣ፤ ብትወድቅ እኔ ነኝ የምሞተው» አለችው። እሱም ሁለቱን ሴቶች ሰበብ አደረገ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነበር። ምድር ከሥሩ ስትከዳው የተሰማውን ያን ባዶነት ሆዱ አልረሳውም።

እናም ከበሩ ውስጥ ተቀመጠ። አራት ግድግዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። መጀመሪያ ያገደው ጉድጓዱ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ክፍሉ ራሱ እየጠበበ መጣበት። የዊልቸሩ ጎማ ወለሉ ላይ ያሠመረው መሥመር ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ነው፤ ከዚያ ያቆማል። በጠረጴዛው ላይ ሃያ ሰዓት አብሮ ሲቆጥር ትንፋሽ የሚያጥረው ቀን አለ። ተነስቶ አይወጣ ነገር፣ ሰዓቶቹን በፎጣ ይሸፍናቸው ነበር።

ከእህቱ ጋር በመስኮት መተያየት ጀመሩ። አስር ሰዓት ሲሆን እሷ ነጭ ፎጣ ታውለበልባለች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ አረፍ ትልና ሦስተኛውን። አረፍ የምትለው ክንዷ ስለሚደክም ነው። እሱም ባርኔጣውን ያነሣል። ከዚያ ስልክ ይደዋወሉና በስልክ ይጨቃጨቃሉ፤ እንደ ድሮው ግን አይጣፍጥም።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለልጅቷ ይደውላል። አራት መቶ ሰማንያ። ሦስት መቶ አሥር። አንድ ሰሞን መቶ ዘጠና ላይ ለሰባት ሳምንት ተገትሮ ቀረ፤ ክረምት ስለሆነ ነው ተባለ። ደብተሩ ጀርባ በቁጥር ተሞላ። የሰዓት ሠሪ ነገር ሆኖ አንዱንም አልዘለለም። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ሰኞ ልጅቷ ሰላምታውን እንኳ ሳትጠብቅ፣

«ጋሼ፣ ደረሰልዎ!» አለችው። «ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪው ከነሠራተኞቹ ይመጣል። ቱቦው ራሱ ነው የሚቀየረው። እስከዚያ ብቻ እንዳይነካ አደራ።»

ሰዓት ሠሪው ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ያን ጠዋት መፍቻ አልያዘም፤ የማዶውን መስኮት ሲያይ አረፈደ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እህቱ ደወለች። አስር ሰዓት አልሞላም ነበር።

«ትንሹ።»

«እትዬ! ሐሙስ ይመጣሉ አልኩሽ አይደል? ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ በርሽ ላይ ነኝ። ሬዲዮውን ቀንሰሽ ጠብቂኝ።»

ትንፋሿ በስልኩ ውስጥ ይሰማል፤ እየወጣ፣ እየዘገየ።

«ዛሬ አትመጣም?» አለች።

በአስራ አንድ ወር ውስጥ አንድም ቀን ና ብላው አታውቅም። ሰዓት ሠሪው ይህን ልብ አለ። ልብ ማለቱ ነው በኋላ የጎዳው።

«አመመሽ እንዴ?»

«ያው ነኝ። እንዲያው አንተን ማየት አሰኘኝ።»

«እትዬ፣ ሁለት ቀን እኮ ነው የቀረው። ዛሬ ከነካነው እንደገና ስድስት መቶ ምናምነኛ ልንሆን ነው። ሌላ ዓመት ነው። ሐሙስ ከተሠራ ግን በየቀኑ ነው የምመጣው፣ እስኪሰለችሽ።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች። እህቱ በሕይወቷ ልክ ነህ ብላው አታውቅም። ከዚያ፣ «ብችል ኖሮ እኔው መጥቼ አዝዬ አሻግርህ ነበር» አለች።

ሳቀ። እሷም ልትስቅ ሞከረች፤ ሳል ሳቁን ከአፏ ነጠቃት። አብራት የምትኖረው የእህቱ ልጅ ስልኩን ተቀብላ «አጎቴ፣ ደክሟት ነው፤ ትረፍ» ብላ ዘጋች።

አመሻሽ ላይ ግንበኛው አካፋውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የእህቱ ልጅ ልካው ኖሯል።

«ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይስመጥ፤ ዛሬን ካሻገረዎት ይበቃል። ካልሆነም እኔና ባለሱቁ አንሥተን እንወስድዎታለን። እንደ እንቁላል ነው የምንይዝዎት።»

ሚስቱ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። «ምን ትላለህ?» አለችው። ያቺ ሞቼ ነው ቆሜ ያለች ሴት አሁን ፊቷ ሌላ ነበር።

ሰዓት ሠሪው ግንበኛውን አየ፣ አካፋውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ። አስራ አንድ ወር የጠበቀው ጉድጓድ ነው። ስንቱ ሰው ተቀይሞበታል፣ ስንቱን ለምኖበታል። እና ልፋቱ ሁሉ በአንድ አካፋ ጠጠር ሜዳ ሊቀር ነው። እልህም ነበረበት፣ ፍርሃቱም ነበረበት፤ የትኛው እንደመለሰለት እሱም አያውቅም።

«ሁለት ቀን ምን አላት?» አለ። «ሐሙስ ነው። ተወው።»

ግንበኛው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ሚስቱ ቦርሳዋን ያኔ አወረደች።

ረቡዕ አስር ሰዓት ላይ ሰዓት ሠሪው ባርኔጣውን አጥልቆ መስኮቱ ላይ ነበር። ፎጣው ተውለበለበ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሳያርፍ። እኩል እኩል፣ ፈጠን ፈጠን እያለ።

ሃምሳ ዓመት የሰዓት ምት ሲሰማ የኖረ ሰው አይሳሳትም፤ ያ የእህቱ እጅ አልነበረም። የእህቱ ልጅ፣ ሽማግሌው እንዳይደነግጥ ብላ በእናቷ ፈንታ ያውለበለበችው ነው። ሰዓት ሠሪው ባርኔጣውን ሊያነሣ ክንዱን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ቀረ።

«ግንበኛውን ጥሩልኝ!» አለ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። በመስኮቱ ጮኸ። ባለሱቁ ሰማው፣ እየሮጠ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ፤ ግንበኛው ግን ሥራ ላይ ነበር፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ። ባለሱቁና አንድ መንገደኛ ዊልቸሩን ከሁለት ወገን ያዙና ሊያነሡት ሲሞክሩ የአንደኛቸው እግር ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንሸራተተ፤ ዊልቸሩ ወደ ፊት ዘመመ። ተመልሰው አስቀመጡት። «ሦስተኛ ሰው እንፈልግ» ብሎ ባለሱቁ ሮጠ።

ሦስተኛው ሰው ሳይገኝ ማዶ ያለው በር ተከፈተ። የእህቱ ልጅ ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች። ሁለቱን እጆቿን ራሷ ላይ አደረገች።

ግንበኛው አስራ ሁለት ሰዓት ሲል ደረሰ። ማንንም አልጠየቀም። ለለቅሶ የሚመጣው ሰው ሁሉ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ወንበርና አግዳሚም በዚያ ነው የሚገባው። ጎረቤቱ ድንጋይ አቀበለው፣ ባለሱቁ አሸዋ አመጣ፣ ያቺ ተቀይማ የሄደች ሴትዮ እንኳ ብሎኳን ይዛ መጣች። ሰዓት ሠሪው ከደፉ ውስጥ ሆኖ አየ። ማንም እንዳይነካው ሲል የኖረው ጉድጓድ ሲሞላ አልከለከለም።

ላዩን በሳንቃ ሸፍነው ሚስቱ ከኋላ ገፋችው። እንደ ልማዱ የእጅ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን ባያይ ይሻለው ነበር። ከደጁ እስከ እህቱ ደጅ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

አልጋዋ አጠገብ፣ ድሮ በሚቆምበት ቦታ፣ ዊልቸሩን አቆመው። ሬዲዮው ተዘግቷል። ፎጣው ታጥፎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። «እትዬ» አለ፣ «መጣሁ።» ከዚያ ሆድ ብሶት አለቀሰ፤ ስልሳ ሦስት ዓመቱን ረስቶ፣ በሰው መሃል፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ከሁሉ የከፋበት ምክንያቱ ልክ መሆኑ ነበር። ማክሰኞ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ እሷም ልክ ነህ ብላዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንደተባለው፣ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፉ መጡ። ቱቦና ሠራተኛ የጫነ መኪና ጥግ ላይ ቆመ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ። ተቆጣጣሪው መዝገቡን ይዞ ወረደ። ሲሚንቶው ደርቋል። በጫማው አፍንጫ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

«የቱ ነው ጉድጓዱ?» አለ።

ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ነበር፤ ልብስ ሊቀይር መጥቶ ወደ ማዶ ሊመለስ። «የቆሙበት ነው» አለው።

«ይሄማ ተጠግኗል።»

ግንበኛው ከኋላ ዶማውን አንሥቶ ቀረበ። ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሼ፣ ልስበረው? አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። እነሱ እያሉ ልስበረው።»

ሰዓት ሠሪው መንገዱን አየ። ከዘመዶቹ አንድ አዛውንት ዱላውን እየተመረኮዘ በአዲሱ ሲሚንቶ ላይ እያለፈ ነበር። ከኋላው ሁለት ሴቶች አግዳሚ ተሸክመዋል። ማዶ የእህቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ተወው» አለ። «ሰው እየተመላለሰበት ነው።»

ተቆጣጣሪው ለመኪናው በእጁ ምልክት ሰጠ፤ መኪናው ከነቱቦው ሄደ። ከዚያ አንድ ቅጽ አወጣና ብዕር አቀበለው። «ፋይሉ እንዲዘጋ እዚህ ይፈርሙ። እዚች ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ጥገናው የፈጀውን ጊዜ ይሙሉ።» ትንሽ አሰበና አከለ፦ «ከሰመጠ ያው ይደውላሉ።»

«ከእንግዲህ የምሻገርለት ሰው የለኝም» አለ ሰዓት ሠሪው።

ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ፈረመ። ባዶው ቦታ ላይ፣ ለደንበኛ ደረሰኝ ሲጽፍ በሚጠቀምበት ጥንቁቅ የእጅ ጽሕፈት፣ «ግማሽ ሰዓት» ብሎ ጻፈ።

ተቆጣጣሪው አነበበው። «ጥሩ ነው» አለ፤ «ለሪፖርታችንም ያምራል።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።